ነፍስ አድን በጨረታ

ለመሆኑ መንግሥት ከሥራው ውስጥ ምን ምኑን ነው ለሌላ አሳልፎ መስጠት የሚችለው? የቢሮውን ጽዳት? ይስጥ። የሠራተኞቹን ምሳ ቤት? ይስጥ። የመኪኖቹን ጥገና? እርሱም ይሁን ግድ የለም። ማዕበል የሚውጠውን ሰው ከባሕር ላይ በገመድ ስቦ የሚያወጣውን እጅስ? እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል።

የእኛ አገር ሰው «ወደ ግል ማዛወር» የሚለውን ሐረግ ለብዙ ዓመታት ሲሰማው ኖሯል። ሆቴል ሲዛወር፣ ፋብሪካ ሲዛወር፣ እርሻ ሲዛወር አይቷል። ግማሹ «ደግ ተደረገ» ብሏል፤ ግማሹ አዝኗል። ክርክሩ ግን ሁልጊዜም በገንዘብ ትርፍና ኪሣራ ዙሪያ የሚሽከረከር ነበር። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ትርፍና ኪሣራው በሰው ነፍስ የሚቆጠር ነው። ቦታው ሩቅ ነው፤ እንግሊዝና አየርላንድ። ጉዳዩም የባሕር ጠረፍ ጥበቃው የፍለጋና የነፍስ አድን ሄሊኮፕተሮች በጨረታ ለግል ኩባንያ መሰጠታቸው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ባሕር የሌለን ሰዎች ይህ ምን ይመለከተናል?» የሚል አይጠፋም። መልሱ አጭር ነው። ኖቬምበር 24 ቀን 2021 በፈረንሳይና በእንግሊዝ መካከል ባለው ጠባብ ባሕር ላይ አንዲት የጎማ ጀልባ ሰጥማ ቢያንስ 27 ሰዎች አለቁ። አስከሬናቸው ተገኝቶ ማንነታቸው ከታወቀው 26 ሰዎች ውስጥ ሦስቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የዚያን ሌሊት ለቅኝት የታሰቡት አውሮፕላኖች በአየሩ ጠባይ ምክንያት አልበረሩም። ሄሊኮፕተር ወጥቶ ፈልጓል፤ ጀልባዋን ግን አላገኛትም። ይህን ያነሣሁት ጥፋቱን በኩባንያው ላይ ለመጫን አይደለም፤ ጭጋግ የመንግሥት አውሮፕላን፣ የግል አውሮፕላን አይልም። ያነሣሁት ባሕር የሌለው አገር ብንሆንም ባሕር የሚበላው ልጅ የሌለው አገር አለመሆናችንን ለማስታወስ ነው። በዚያ ባሕር ላይ ማን እንደሚበርና ማን እንደሚጠየቅ የእኛም ጉዳይ ነው።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

በእንግሊዝ አገር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ በባሕርና በተራራ ላይ ለሚጠፋ ሰው የሚደርሱት በዋናነት የአየር ኃይልና የባሕር ኃይል በራሪዎች ነበሩ። «ሲ ኪንግ» የተባሉት ቢጫ ሄሊኮፕተሮች በአገሬው ዘንድ እንደ ቤተኛ የሚታዩ ነበሩ። የንግሥቲቱ የልጅ ልጅ ልዑል ዊልያም እንኳ ከ2010 እስከ 2013 በዌልስ ከሚገኝ የአየር ኃይል ሠፈር እየተነሣ በዚሁ ሥራ ላይ ያገለግል ነበር። እርግጥ ነው፣ ከ1983 ጀምሮ የጠረፍ ጥበቃው በሼትላንድ ደሴቶች በሚገኘው በሰምበርግ ሠፈር ሄሊኮፕተር ከግል ኩባንያ በኮንትራት ያሠራ ነበር። በኋላም እንዲህ ያሉት ሠፈሮች አራት ደርሰዋል። ቢሆንም ከ12ቱ ሠፈሮች ስምንቱ የወታደሩ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ጨረታ መጣ። በፌብሩዋሪ 2010 «ሶቴሪያ» የተባለ የኩባንያዎች ጥምረት ለ25 ዓመታት የሚቆይ፣ ወደ ስድስት ቢሊዮን ፓውንድ የሚገመት ውል ለመቀበል ተመረጠ። በጥምረቱ ውስጥ አንድ ትልቅ ባንክ፣ አንድ የጦር መሣሪያና የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ፣ እንዲሁም «ሲ ኤች ሲ» የተባለው የሄሊኮፕተር ድርጅት ነበሩበት። አንድ ዓመት ሳይሞላው ጥምረቱ ሊያውቀው የማይገባውን የጨረታ ምስጢር አግኝቶ እንደ ነበር ተናዘዘ። በፌብሩዋሪ 2011 የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ፊሊፕ ሃመንድ ጨረታውን ሠረዙት። በመርህ ደረጃ የሚያስብ መንግሥት ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ «ከመጀመሪያውስ ይህ ለጨረታ የሚቀርብ ነገር ነበርን?» ብሎ በጠየቀ ነበር። አልጠየቀም። በማርች 2013 ሌላ ጨረታ ተከናውኖ «ብሪስቶው» የተባለው ኩባንያ በ1.6 ቢሊዮን ፓውንድ ለአሥር ዓመታት አሸነፈ። 12 የነበሩት ሠፈሮች ወደ አሥር ዝቅ እንዲሉ ተወሰነ። በ2015 የኩባንያው ሄሊኮፕተሮች ሥራ ጀመሩ። የአየር ኃይሉ ሲ ኪንጎች በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር የነፍስ አድን ሥራቸውን አበቁ፤ ጥቂት ዘግይቶም የባሕር ኃይሎቹ ተከተሏቸው። በ2022 የሁለተኛው ዙር ጨረታ ውጤት ታወቀ፤ አሁንም አሸናፊው ያው ብሪስቶው ሆነ።

የወዲያኛው ወገን እውነት

ሙግት የሚያምረው የተቃራኒን ጠንካራ ነጥብ ሳይሸሹ ሲሞግቱ ነው። ስለዚህ ውሉን የሚደግፉት ሰዎች የሚሉትን በቅንነት ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ «ሲ ኪንጎቹ አርጅተው ነበር» ይላሉ። እውነት ነው። ሰባዎቹ ዓመታት መጨረሻ ላይ ሥራ የጀመሩ ነበሩ። የኩባንያው አዳዲስ ሄሊኮፕተሮች ይፈጥናሉ፤ በጨለማ የማየት ችሎታቸውም የተሻለ ነው። ሁለተኛ፣ «በኩባንያው ሥር የሚሠሩት በራሪዎችና በገመድ የሚወርዱት ሠራተኞች ከወታደሩ የተሻገሩ፣ ልምድ ያላቸው ጀግኖች ናቸው» ይላሉ። ይህም እውነት ነው፤ በገመድ ወደ ማዕበል የሚወርድ ሰው ደመወዙን ማን እንደሚከፍለው እያሰበ አይወርድም። ሦስተኛ፣ «መንግሥት ራሱ ሲሠራውስ መቼ ያለ አደጋ ሠራው?» ይላሉ። በጁላይ 1999 የአየርላንድ አየር ኃይል የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር በዋተርፎርድ ሠፈር የ24 ሰዓት አገልግሎት በጀመረበት በመጀመሪያው ሌሊት፣ ትራሞር በተባለ የባሕር ዳርቻ አጠገብ ተከስክሶ አራቱም በራሪዎች ሞተዋል። እነርሱም የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ።

እኔ ደግሞ ከዚህ የባሰውን ልጨምርላቸው። በማርች 2011 መጨረሻ ከትሪፖሊ የተነሣች አንዲት ጀልባ 72 ሰዎች ይዛ ነበር፤ ከእነዚህ ውስጥ 47ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ያን ጊዜ ሊቢያ ላይ ጦርነት ስለ ነበር ሜዲቴራንያን በጦር መርከብና በጦር አውሮፕላን ተሞልቷል። አንድ የጦር ሄሊኮፕተር ወደ ጀልባዋ ቀርቦ ውሃና ብስኩት ጣለላቸውና ሄደ፤ አልተመለሰም። ጀልባዋ ሁለት ሳምንት ያህል ባሕር ላይ ስትንገላታ ሰንብታ 63 ሰዎች አለቁ። የአውሮፓ ምክር ቤት የፓርላማ ጉባኤ ጉዳዩን አስመርምሮ በ2012 ዘገባ አወጣ። ሆኖም «ሄሊኮፕተሩ የእኔ ነበር» ያለ መንግሥት አልተገኘም። እንግዲህ ያ ሄሊኮፕተር የኩባንያ አልነበረም፤ ወታደራዊ ነበር።

ታዲያ ይህን ሁሉ አምኜ ምን ልከራከር ነው? የምከራከረው የመንግሥት ክንፍ ከኩባንያ ክንፍ ይበልጣል ብዬ አይደለም። የእነዚያን 63 ሰዎች ሞት ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው የሚያየው አንድ ነገር አለ፤ ሰዎቹ የሞቱት ሄሊኮፕተር ጠፍቶ አልነበረም፤ ኃላፊ ጠፍቶ ነበር። የነፍስ አድን ሥራ መድኃኒቱም መርዙም ያለው «ይህ የማን ነው?» በሚለው ጥያቄ ውስጥ ነው። ውል የሚያደበዝዘው ደግሞ ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ጥቁሩ ቋጥኝ

ወደ አየርላንድ እንሻገር። አየርላንድ የአየር ኃይሏን ከፍለጋና ከነፍስ አድን ሥራ እያራቀች ሄዳ በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ሥራውን በሙሉ ለግል ኩባንያ ሰጠች። በ2010 ለሲ ኤች ሲ የተሰጠው ውል ወደ 500 ሚሊዮን ዩሮ የሚደርስ፣ የአሥር ዓመት ውል ነበር። ከላይ ያነሣሁት የእንግሊዙ ጥምረት አባል የነበረው ያው ሲ ኤች ሲ መሆኑ ነው።

ማርች 14 ቀን 2017 ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ «ሬስኪዩ 116» የተባለው ሲኮርስኪ ኤስ-92 ሄሊኮፕተር በምዕራብ አየርላንድ ጠረፍ ወደ ብላክሶድ ነዳጅ ለመቅዳት እየበረረ ነበር። ከዳብሊን የተጠራው በሩቅ ባሕር ላይ የተጎዳ አንድ ዓሣ አስጋሪ ለማንሣት የሄደውን ሌላ ሄሊኮፕተር ለማገዝ ነው። በጨለማና በመጥፎ አየር በ200 ጫማ ከፍታ ሲበር ከፊቱ 282 ጫማ ከፍታ ያለው ብላክ ሮክ የተባለ ቋጥኝ ደሴት ቆሞ ነበር። ከኋላ የተቀመጠው ባልደረባ ደሴቷን በሙቀት ካሜራው አይቶ ወደ ቀኝ እንዲዞሩ ተናገረ፤ ሴኮንዶች ብቻ ነበሩ የቀሩት። አራቱም ሞቱ። የሁለቱ አስከሬን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

የአየርላንድ የአየር አደጋ መርማሪ ክፍል በኖቬምበር 2021 ያወጣው የመጨረሻ ዘገባ 42 የደኅንነት ምክረ ሐሳቦችን የያዘ ሰፊ ሰነድ ነው። ከእርሱ ውስጥ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ሦስት ነገር ነው።

የመጀመሪያው፣ በኩባንያው ተዘጋጅቶ በሄሊኮፕተሩ ኮምፒውተር ውስጥ የተጫነው የጉዞ መስመር መነሻ ነጥቡን ያደረገው በዚያው ቋጥኝ ላይ ማለት ይቻላል፤ በራሪዎቹ ግን በመንገዳቸው ላይ ቋጥኝ መኖሩን አላወቁም። ሁለተኛው፣ መሬት ሲቀርብ የሚያስጠነቅቀው መሣሪያ ብላክ ሮክን በመረጃ ቋቱ ውስጥ አልያዘም ነበር። ይህ ጉድለት በ2013 በኩባንያው ውስጥ በኢሜይል ተነሥቶ ነበር፤ ሳይታረም አራት ዓመት አለፈው። ሦስተኛውና ለእኔ ዋናው፣ መርማሪዎቹ ለአደጋው አስተዋጽኦ አድርገዋል ብለው ከዘረዘሯቸው ምክንያቶች አንዱ የነፍስ አድን በረራውን የመቆጣጠር ኃላፊነት የማን እንደ ሆነ በመንግሥት ደረጃ ግራ መጋባት መኖሩ ነው።

ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ቀስ ብለን እናኝከው። አገሪቱ በብዙ መቶ ሚሊዮን ዩሮ ውል ፈርማለች። ሄሊኮፕተሩ ላይ የጠረፍ ጥበቃው ስም ተጽፏል፤ ቀለሙም የእርሱ ነው። ኩባንያው ይበርራል፤ የአቪዬሽን ባለሥልጣኑ ፈቃድ ይሰጣል፤ ሚኒስቴሩ ገንዘብ ይከፍላል፤ የጠረፍ ጥበቃው ስልክ ደውሎ «ሂዱ» ይላል። ይህ የጉዞ መስመር ትክክል ነው ወይ ብሎ ካርታውን ዘርግቶ የሚመለከተው ማን ነው? ሁሉም ሌላው ይመለከተዋል ብሎ ተቀምጧል። ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ሆነና መንግሥት ውሉን አይቶ ቋጥኙን አላየም።

እጅ ይከራያል፤ ዐይንስ?

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ይኸው ነው። መንግሥት እጅ መከራየት ይችል ይሆናል፤ ዐይን መከራየት ግን አይችልም። ሥራውን ለሌላ የሰጠ መንግሥት ውሎ አድሮ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ያጣል። የሚያውቅ ሰው ያጣ መንግሥት ደግሞ የሰጠውን ሥራ መቆጣጠር አይችልም። በራሪ የሌለው የጠረፍ ጥበቃ የበረራን ጉድለት በምን ዐይኑ ያያል? አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለዚህ ነው፤ የተቆጣጣሪነት ማዕረግ ብቻውን ካርታ አያነብም።

ውል የሚለካው የሚለካ ነገርን ብቻ ነው። በእንግሊዝም በአየርላንድም ሄሊኮፕተሩ ጥሪ በደረሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ በቀን፣ በ45 ደቂቃ ውስጥ በሌሊት እንዲነሣ ይጠበቃል። ይህ ጥሩ ነው፤ ሰዓት ይዞ መቁጠር ይቻላል። የዘገየ እንደ ሆነ መቅጣት ይቻላል። ከአራት ዓመት በፊት የተጻፈ አንድ ኢሜይል መልስ ማጣቱን ግን የትኛው ሰዓት ይለካዋል? ሬስኪዩ 116 በውሉ ሚዛን ቢመዘን ኖሮ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ድረስ ግዴታውን የተወጣ ሄሊኮፕተር ነበር። ዘገባው የወጣው አራቱ ሰዎች ካለቁ ከአራት ዓመት ከስምንት ወር በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል ይህን።

ሌላም አለ። እነዚህ ኩባንያዎች ዋና እንጀራቸው ነፍስ ማዳን አይደለም፤ ሠራተኞችን ወደ ባሕር የነዳጅ ጉድጓዶች ማመላለስ ነው። የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ እነርሱም ይወድቃሉ። በሜይ 2016 ሲ ኤች ሲ በአሜሪካ ቴክሳስ ፍርድ ቤት ቀርቦ ከአበዳሪዎቹ የሚከላከለውን የኪሣራ ከለላ ጠየቀ። በሜይ 2019 ብሪስቶው በዚያው በቴክሳስ ያንኑ አደረገ። ሁለቱም በኋላ አገግመዋል፤ በረራውም አልተቋረጠም፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ሆኖም አንድ ዓሣ አስጋሪ በሰሜን አትላንቲክ ማዕበል ሲመታ የሚደርስለት ሄሊኮፕተር ዕጣ በቴክሳስ ዳኛ ጠረጴዛ ላይ መቀመጡ ምን ዓይነት የመንግሥት ብልኅነት ነው?

«ሥራው ሲከፋ ሌላ ኩባንያ እንቀይራለን፤ የገበያ ጥቅሙ ይህ ነው» ይላሉ። የትኛው ገበያ? በ2023 አየርላንድ ውሏን ከሲ ኤች ሲ ወስዳ ወደ 670 ሚሊዮን ዩሮ በሚደርስ ዋጋ ለአሥር ዓመት ለማን ሰጠች? ለብሪስቶው። ሲ ኤች ሲስ ምን አደረገ? ፍርድ ቤት ሄደ። ሁለት ሦስት ሻጭ ብቻ ያለበት፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው የሚወስድበት፣ ተሸናፊው የሚከስስበት ነገር ገበያ ይባል እንደ ሆነ አላውቅም። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው ምክር የሚሠራው አንዱ ባላ የራስ ሲሆን ነው። እንግሊዝና አየርላንድ የራሳቸውን ባላ ነቅለው ሁለቱንም ከሌላ ጓሮ ነው የቆረጡት።

ሌላ መንገድ አልነበረም ወይ?

ነበረ። ለዚህ ደግሞ ከዚያው ባሕር ማዶ ያለችውን ኖርዌይን መመልከት ይበቃል። ኖርዌይም ያረጁ ሲ ኪንጎች ነበሯት። እርሷም አዲስ ሄሊኮፕተር ያስፈልጋት ነበር። ብሪስቶው የእንግሊዙን ውል ባሸነፈበት በዚያው በ2013 ኖርዌይ 16 አዳዲስ ሄሊኮፕተሮችን አዘዘችና ለራሷ አየር ኃይል ለ330ኛው ስኳድሮን ሰጠች። ርካሽ አልነበረም፤ ዘግይቷልም፤ የመጨረሻው ሲ ኪንግ ያረፈው በ2023 መጨረሻ ነው። በአንድ የሰሜን ሠፈርም በኮንትራት የሚሠራ ሲቪል ድርጅት አስገብታለች። ይሁን እንጂ የአገልግሎቱ አከርካሪ የራሷ ነው። የአሜሪካ የጠረፍ ጥበቃም፣ ገበያን በማምለክ የሚታማው ያ አገር፣ የነፍስ አድን ሄሊኮፕተሮቹን የሚያበረው በራሱ መኮንኖች ነው። እንግዲህ «የአሮጌ ሄሊኮፕተር መድኃኒቱ አዲስ ኩባንያ ነው» ማለት ስሕተት ነው። የአሮጌ ሄሊኮፕተር መድኃኒቱ አዲስ ሄሊኮፕተር ነው።

እንግሊዝና አየርላንድ ነገ ጠዋት ኩባንያውን አስወጥተው አየር ኃይላቸውን ይመልሱ ማለት ቀልድ ነው፤ የበተኑትን ለመሰብሰብ ዓመታት ይፈጃል። ቢያንስ ግን ሦስት ነገር ማድረግ አያቅታቸውም። ከሠፈሮቹ ጥቂቶቹን በራሳቸው በራሪዎች ይያዙ፤ እንዲህ ከሆነ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከመንግሥት ቤት አይጠፋም። የጠረፍ ጥበቃው ውስጥ የኩባንያውን ካርታ፣ የጉዞ መስመርና የሥልጠና መዝገብ ከፍቶ የማየትና «ይህ በረራ ይቁም» የማለት ሥልጣን ያለው የበረራ ባለሙያ ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ የበራሪዎች የደኅንነት ስሞታ በኩባንያው መዝገብ ብቻ እንዳይቀር ግልባጩ በቀጥታ ለመንግሥት ይድረስ፤ ያቺ የ2013 ኢሜይል የአንድ ተቆጣጣሪ ጠረጴዛ ላይ ብትደርስ ኖሮ ምናልባት ብላክ ሮክ ዛሬም የመብራት ቤት ስም ብቻ በሆነ ነበር።

ይህ ጉዳይ ለእኛም ማስተማሪያ አለው። ነገ በእኛም አገር አንድ ባለሥልጣን በቴሌቪዥን ቀርቦ እሳት ማጥፋቱን፣ አምቡላንሱን ወይም የአየር ቅኝቱን «ብቃት ላለው ኩባንያ አስተላልፈናል» ሲል እንሰማ ይሆናል። ያን ጊዜ ስለ ዋጋው ብቻ አንጠይቅ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው በመንግሥት ቤት ቀርቷል ወይ? ኩባንያው ቢከስር በስንት ቀን ትረከቡታላችሁ? ሰው ቢሞት ማን ነው ስሙን ጠርቶ «እኔ ነኝ ኃላፊው» የሚለው? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች መመለስ ያቃተው ባለሥልጣን ያስተላለፈው ሥራውን አይደለም፤ ኃላፊነቱን ነው። እርሱን ደግሞ በጨረታ የሚገዛው ኩባንያ እስከ ዛሬ አልታየም።